ወተቱንማ ተናዘዝነው

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እኅት ወንድሞች፣ እንኳን ለጥር ሥላሴ አደረሳችሁ!

የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴያችን፣ ስለ ጥምቀት እንድናገር አዘውኛል። ከተራ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፣ በማግስቱ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። ደስ ይላል። «ኃጢአቴን ታጥቤ መጣሁ» የሚል ስሰማ ግን ያንገበግበኛል። በጸሎተ ሃይማኖት የምናምነው በአንዲት ጥምቀት ነው። የጥር 11ዱ የጌታችን ጥምቀት መታሰቢያ ነው፤ ከተጠመቅን ወዲህ ለበደልነው መንገዱ ንስሐ ነው።

አንድ ጊዜ በስቅለት ስግደቱ አልቆ ለወይራው ጥብጠባ ተሰልፈናል። ከፊቴ የነበሩት ጎረቤቴ ጆሯቸው ስለደከመ ያንሾካሾኩ እየመሰላቸው ይጮኻሉ። ቄሱ ጎንበስ ቢሉላቸው «አባ፣ በሁዳዴ ቡናዬ ላይ ወተት ጠብ አድርጌያለሁ!» አሉ። ግቢው ሁሉ ሰማ። በወይራው ቸብ ቸብ ተደርገው ስግደት ተጨመረባቸው፤ እያለቀሱ ሰገዱ። ከልባቸው ነበር፣ አላሾፍኩም። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ጓሮ ውስጥ ገብቶ የቆመው አጥራቸውስ? ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው አጥር! ስለሱ ትንፍሽ አላሉም። አሁን አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ አጥሩን ግን ልጆቻቸው ወርሰውታል።

ወገኖቼ፣ ወተቱንማ ሁላችንም እንናዘዛለን! የሠራተኛዋን ደመወዝ ይዘን፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬው ላይ የሸክላ ዱቄት ደባልቀን፣ ከወንድማችን ተኳርፈን ይህን ጽዋ እንጠጣለን። ከዚያ «ሥላሴ ይቅር ይበለኝ»! የሰው ገንዘብ በኪሳችን ይዘን ከእግዚአብሔር እንድንታረቅ ማን ፈቀደልን?

ተስፋ ላስቆርጣችሁ አልመጣሁም። እኔ ራሴ በገዛ ጉልበቴ እንደማልጠራ አውቃለሁ፤ ጾሙ ሲጠና ቁጣዬ እንዴት እንደሚብስ ባለቤቴን ጠይቋት። የምደገፈው በዘኬዎስ ታሪክ ነው። ጌታ ቤቱ ለመግባት ገንዘቡ እስኪመለስ አልጠበቀም። «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» አለው፤ ቀራጩ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ምሕረቱ ቀደመ፣ የጨበጠው እጅም ተፈታ። የእኔም ተስፋ ይኸው ነው፤ መመለሱን ራሱ እንኳ እሱ ካላስቻለኝ አልችለውም።

እስከ ከተራ ካህናቱም አሉ፣ የበደልነውም ጎረቤት አለ። ስለ ዝክሩና ስለ መዋጮው ሙሴ ይንገሯችሁ፤ ሰዓቱን እኔ ጨርሼባቸዋለሁ።