ሬክቢሲዲ፦ ዲኤንኤ የሚበላው ኢንዛይም እንዴት ጠጋኝ ይሆናል?

[ስክሪን፦ የኢ. ኮላይ ሬክቢሲዲ፤ ሬክቢ ብርቱካናማ፣ ሬክሲ ሰማያዊ፣ ሬክዲ አረንጓዴ፣ ዲኤንኤው ጥቁር]

ጅማ ከየትኛውም ፋርማሲ የሚገኘው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ጋይሬዝ የተባለው ኢንዛይም ዲኤንኤውን ቆርጦ መልሶ ሳይገጥመው እንዲቀር ያደርጋል። ሁለቱም ክሮች ተበጥሰው ጫፍ ሲቀር ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ መጀመሪያ ጫፉን የሚይዘው ሬክቢሲዲ ነው። ዛሬ የምናየው የእሱን መዋቅር ነው።

ፓይሞል (የፕሮቲን ቅርጽ ማሳያ ፕሮግራም) ያላችሁ አብራችሁ ክፈቱ። በፕሮቲን ዳታ ባንክ መለያው 1ደብሊው36 ነው፤ በ2004 የወጣ፣ ጥራቱ 3.1 አንግስትሮም። ኔትወርክ እንዳያስቸግራችሁ ፋይሉን ቀድማችሁ አውርዱ። ሲከፈት ሁለት ቅጂ ታያላችሁ፤ አንዱን ደብቁት።

[ስክሪን፦ ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ]

ጠቅላላ ክብደቱ 330 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው። ሬክቢና ሬክዲ ሁለቱም ሄሊኬዝ ናቸው፤ የሴል ጉልበት የሆነውን ኤቲፒ እያቃጠሉ ጥንዱን ክር ይፈታሉ። አንዱ አንዱን ክር፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ስለሚሄድ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ። የአንድ ክር ሁለት ጫፎች 3 ፕራይምና 5 ፕራይም ይባላሉ፤ ጥንዶቹ ክሮች ተገላብጠው ስለሚተኙ ሬክቢ በራሱ ክር ላይ የሚጓዘው ከ3 ፕራይም ወደ 5 ፕራይም፣ ሬክዲ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፍጥነታቸው በሰከንድ እስከ 1000 ጥንድ ቤዝ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ሬክዲ ስለሚቀድም ሬክቢ ፊት ለፊት የክር ቀለበት ይጠራቀማል።

ሬክቢ መጨረሻው ላይ ሌላ ክፍል አለው፦ ኒውክሊዬዙ። በረጅም ማያያዣ ተንጠልጥሎ ሬክሲ ጀርባ ይቀመጣል። ኢንዛይሙ ውስጥ ክር የሚቆርጠው ይህ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ክሮች የሚቆርጠውም እሱው ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ሬክሲ ነው። ቅርጹ የሄሊኬዝ ቅርጽ ነው፤ ኤቲፒ የሚያቃጥሉት አሚኖ አሲዶች ግን የሉትም። የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉን ብቻ አይቶ ይህን የጠረጠረ አልነበረም፤ የታወቀው ክሪስታሉ ሲታይ ነው። ከሬክሲ ወጣ ያለ ጉጥ ሁለቱን ክሮች ይለያያል፤ ባለ 3 ፕራይሙ ክር (በተበጠሰው በኩል 3 ፕራይም ጫፍ ያለው) በሬክሲ ውስጥ ባለው ቦይ አልፎ ወደ ኒውክሊዬዙ ይወጣል።

[ስክሪን፦ ቦዩ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ]

ቦዩ ክሩን ሲያሳልፍ ያነበዋል። የሚፈልገው ካይ የሚባለውን ስምንት ፊደል ነው፦ ጂ፣ ሲ፣ ቲ፣ ጂ፣ ጂ፣ ቲ፣ ጂ፣ ጂ። አቅጣጫው ወሳኝ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ባለ 3 ፕራይሙ ክር ላይ መሆን አለበት። ተገልብጦ ከመጣ ኢንዛይሙ ሳያየው ያልፋል። በትክክለኛው አቅጣጫ ቢመጣም ሁልጊዜ አይታወቅም፤ ከሦስት አንዴ ገደማ ነው።

ካይ ሲታወቅ ክሩ በሬክሲ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ ወደ ኒውክሊዬዙ መድረሱ ያበቃል። ኢንዛይሙ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆማል፤ ከዚያ በዝግታ ይቀጥላል፣ አሁን የሚመራው ሬክቢ ነው። ባለ 5 ፕራይሙ ክር መቆረጡ አይቀርም፤ ባለ 3 ፕራይሙ ግን ሳይነካ ይረዝማል፣ ሬክቢም ሬክኤን ይጭንበታል።

ሬክኤ ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ 38 ኪሎዳልተን፤ ክሩ ላይ ተደርድሮ ለጥገናው የሚሆን ተመሳሳይ ዲኤንኤ ይፈልጋል። አንዱ ሦስት ፊደል ይይዛል፣ ስድስት ያህሉ አንድ ዙር ይሆናሉ። ዲኤንኤው በ1.5 እጥፍ ይረዝማል፤ ርዝመቱ ግን እኩል አልተከፋፈለም። ሦስቱ ፊደላት እርስ በርሳቸው እንደ ተራው ዲኤንኤ ተጠጋግተው፣ የተለጠጠው ከአንዱ ሦስትዮሽ ወደ ቀጣዩ ያለው ክፍተት ነው። ኤቲፒ የሚቀመጠው በሁለት ጎረቤት ሬክኤዎች መካከል ስለሆነ፣ ያለ ኤቲፒ ለፍለጋ የሚሆን ክር አይሠራም።

[ስክሪን፦ የላብራቶሪ ጠረጴዛ]

ላብራቶሪ ውስጥ ችግር የሚያመጣው ይህ ነው። ቀጥ ያለ የፒሲአር ውጤት (በቱቦ የተባዛ ዲኤንኤ) በቀጥታ ኢ. ኮላይ ውስጥ ብትከቱ ኮሎኒ አይበቅልላችሁም፤ ሬክቢሲዲ ከጫፉ ጀምሮ ይበላዋል። መፍትሔው ላምዳ ፋጅ የተባለው የባክቴሪያ ቫይረስ ያለው ጋም ፕሮቲን ነው፤ ዲኤንኤ መስሎ ገብቶ ኢንዛይሙን ይይዘዋል። ንጹሕ ኢንዛይም በቱቦ ለምትሞክሩ ደግሞ፦ ማግኒዥየም ከኤቲፒ ከበለጠ መብላቱ ይበረታል፤ ኤቲፒ ከበለጠ ካይ ላይ ብቻ ይቆርጣል። ውጤታችሁ ካልተደጋገመ መጀመሪያ ይህን ምጣኔ ፈትሹ።

ዲኤች5አልፋ የተባለው የላብራቶሪ ኢ. ኮላይ ዝርያ የሚሠራ ሬክኤ የለውም፤ ፕላዝሚዱ (የምናስገባው ክብ ዲኤንኤ) እርስ በርሱ እንዳይቀላቀል ተብሎ ነው የተዘጋጀው። መያዣው ላይ የተጻፈውን ከተጠራጠራችሁ ዲኤንኤን በሚጎዳው በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን ፈትሹት። አንድ ሳህን ላይ እሱንና ሬክኤ ያለውን ሌላ ዝርያ ኤምጂ1655 ጎን ለጎን አስምሩ፤ የፕላስቲክ ክዳኑን ክፈቱ፣ ዩቪ አያሳልፍምና። ግማሹን በካርቶን ሸፍኑ። መብራቶች ስለሚለያዩ 5፣ 10 እና 20 ሰከንድ በሦስት ሳህን ሞክሩ። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ልክ ስትጨርሱ ሳህኑን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩ፤ ብርሃን ካገኘ ፎቶላያዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ጉዳቱን ስለሚጠግን ውጤቱ ይዛባል። ባልተሸፈነው በኩል ኤምጂ1655 በቅሎ ዲኤች5አልፋ ከጠፋ ዝርያው ትክክል ነው። ሁለቱም ከጠፉ ጊዜው በዝቷል፤ ሁለቱም ከበቀሉ ክዳኑንና መብራቱን ተመልከቱ።