ጣትህን አታውርድ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለንም። ከኋላ የሚንጠባጠብ ድምፅ ከሰማችሁ ዝናብ ነው። ሲያትል ነዋ፣ ምን ይደረግ።

ባለፈው ሰሞን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሸራ የሚሄድ ጀልባ መንዳት ልማር ብዬ ተመዘገብኩ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «አንተ ልጅ፣ መሬቱ ጠበበህ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። እኔ ዋና እንኳ የቻልኩት 30 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ከጀልባ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ተማርን። የሚወድቀው ኦስካር ነው። አትደንግጡ፣ ኦስካር ሰው አይደለም። ጀልባው ከወደቡ ጋር እንዳይጋጭ በጎኑ የሚንጠለጠል ነጭ የፕላስቲክ ፊኛ ነው። ነፋስ እንዳይወስደው ከሥሩ ባልዲ ታስሮለታል። ስሙ ከባንዲራ የመጣ ነው። ባሕር ላይ የኦ ፊደል ባንዲራ፣ ቀይና ቢጫው፣ «ሰው ወድቆብናል» ማለት ነው። ኦ ደግሞ በሬዲዮ ሲጠራ «ኦስካር» ነው።

አስተማሪያችን ሥራ አከፋፈለች። አንዱ መሪውን ያዘ፣ አንዷ ሸራውን። እኔን «ያንተ ሥራ መጠቆም ነው» አለችኝ። ኦስካር ውሃ ከነካባት ቅጽበት ጀምሮ ክንድህን ትዘረጋለህ፣ ዓይንህን አትነቅልም፣ ሌላ ምንም አትነካም። በቃ። «ናቀችኝ እንዴ?» አልኩ በሆዴ።

ኦስካር ተወረወረ። ጮህን። ጠቆምኩ። ጀልባው ሲዞር ሸራው ከአናታችን በላይ ይንጓጓ ጀመር፣ አንድ ገመድ እግሬ ሥር ተዝረከረከ፣ ላነሳው ጎንበስ አልኩ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ስል ኦስካር የለም። ግራጫ ውሃ፣ ነጭ አረፋ፣ እንደገና ነጭ አረፋ። ኦስካርም ነጭ! ጣቴ እንደተቀሰረ ነው፣ ግን ምንም ላይ።

ነገሩ ሒሳብ ነው። በ6 ኖት ስትሄዱ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብስክሌት ይቀድማችኋል። ግን በየሰከንዱ 3 ሜትር ናት። በአንድ ደቂቃ 180 ሜትር ትታችሁት ሄዳችኋል። በዚያ ርቀት፣ ማዕበል መሀል፣ የሰው ጭንቅላት ድንች አያክልም። ጂፒኤሱ ላይ የወደቀበትን ቦታ የምትመዘግብ አዝራር አለች። ጥሩ ነገር ናት፣ ግን ሰውየው እዚያው ቆሞ አይጠብቅም፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል።

እኛ ሰፈር ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ትዝ ይላችኋል? አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ አንዷ ውሃ ትረጫለች፣ አንዱ «አየር ስጡት!» እያለ ራሱ አየሩን ይዘጋል። ቆሞ የሚያይ ሰው ጨካኝ ነው የሚባለው። እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። እጄ ሥራ ካልያዘ የረዳሁ አይመስለኝም። ገመዷን ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ማንም አንሳ አላለኝም።

ውሃው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሲያትል ዳር ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ የእኛ የፒውጀት ሳውንድ ውሃ፣ በሐምሌም 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስተምሩ ሰዎች 1፣ 10፣ 1 የሚሏት ስሌት አለች። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ አይታዘዝም። ሰውየው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጆቹ ይሠሩለታል። ከዚያ በኋላ የወረወራችሁለትን ገመድ እያየው መጨበጥ ያቅተዋል። ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለው። ላይፍ ጃኬት ካልለበሰ ግን እዚያ ድረስም አይደርስም።

ደግሞ ማግኘት ማውጣት አይደለም። ይሄን ከመማሬ በፊት አስቤው አላውቅም። የጀልባው ጎን ከውሃው ከ1 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ልብሱ የራሰ፣ እጁ የደነዘዘ ሰው በጉልበት ጎትቶ ማውጣት ዘበት ነው። እዚሁ ሲያትል ያሉ የሸራ ሰዎች ለዚህ ብለው ላይፍስሊንግ የሚባል ነገር ፈጠሩ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ተንሳፋፊ ቀበቶ ነው፣ ረጅም ገመድ አለው። ጀልባው ቀበቶውን ከኋላው እየጎተተ ሰውየውን ይዞረዋል፣ ገመዱ ራሱ እጁ ድረስ ይመጣለታል። ሰውየው ቀበቶውን በብብቱ ያጠልቃል። ጀልባው ይቆማል። ከዚያ ሸራ የሚሰቀልበትን ገመድ ቀበቶው ላይ አያይዞ ገመድ በሚጠቀልለው ዊንች ማዞር ነው፣ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚወጣው። የወደድኩት ለማን እንዳሰቡ ነው። ብዙ ጊዜ አብረው የሚሄዱት ባልና ሚስት ናቸው። ከባዱ ሰውዬ ቢወድቅ ሚስትየው ምን ታድርግ?

ጉብዝና ያድናል እንዳትሉ። ኤሪክ ታባርሊ የፈረንሳዮች የሸራ ጀልባ ጀግና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 አትላንቲክን ብቻውን አቋርጦ ውድድሩን አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የሰኔ ሌሊት፣ ከዌልስ ወዲያ፣ በሚያውቃት ጀልባው ላይ ሸራ ሲቀይሩ ሸራው የሚታሰርበት እንጨት መታውና ወደቀ። ላይፍ ጃኬት አልነበረውም። አስከሬኑን ዓሣ አጥማጆች ያገኙት ከወር በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ዓለምን በሸራ ጀልባ በሚዞረው የክሊፐር ውድድር አንድ አማተር መርከበኛ ፓስፊክ መሀል ወደቀ። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ውሃ ውስጥ ቆየ፣ ከዓይናቸውም ጠፋ። ግን ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ነበር፣ ያለበትን ቦታ ለጀልባው የምትልክ ትንሽ መሣሪያም ነበረችው። በሕይወት አወጡት። ያቺ መሣሪያ ለእኔ ጣት ናት። ገመድ ልታነሳ የማትጎነበስ ጣት።

ወደ ኦስካር ልመልሳችሁ። አስተማሪያችን ለካ እሷም ዓይኗን አልነቀለችም ነበር፣ ተገኘ። «ድገሙት» አለች። በሁለተኛው ዙር ሸራው ተንጓጓ፣ ገመዱ ተዝረከረከ፣ አንዱ ተሳደበ፣ እኔ ወይ ፍንክች። ትከሻዬ ተቃጠለ። ኦስካር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል። ጀልባው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጎ አጠገቡ ቆመ፣ በሦስተኛ ሙከራ በመንጠቆ ያዙት፣ ባልዲው ውሃ ሞልቶ ሁለት ሰው አቃሰተበት።

ከዚያ ሁሉም እያዩኝ ይስቃሉ። አስተማሪያችን ክንዴን ያዝ አደረገችና «ገብቷል እኮ» አለችኝ። ኦስካር እግሬ ሥር ተጋድሟል። እኔ አሁንም ውሃውን እየጠቆምኩ ነበር።

በሉ፣ ሻዬም ቀዘቀዘ። ቸር ያሰንብተን።