«ካርቦን እኮ ነው»

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙ ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ የቆየ ነገር ስላለ እሱን ላውጋችሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ እንደሆነ ያዙልኝ።

ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ግራፊን የሚባል የካርቦን ዱቄት በሚዛን እየለኩ በየብልቃጡ መክፈል የእኔ ድርሻ ነበር። ዱቄቱን ጥቀርሻ በሉት፤ ግን ከጥቀርሻም ይቀላል። ክዳኑ ገና ሲከፈት መንሳፈፍ ይጀምራል። ማንኪያ ላይ አይረጋም። ወደ ጓንት ይዘላል፣ የብልቃጡ አፍ ላይ ይለጠፋል። ከማንኪያው እስከ ብልቃጡ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ በዚያች መንገድ ላይ ግን ከፊሉ የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ደግሞ የምለካው ክፍት ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ስናፈጥ ሶፍቱ ላይ ጥቁር ወጣ።

በማግስቱ ለቅርብ ኃላፊዬ ነገርኩት። «ካርቦን እኮ ነው፤ መጻፊያ እርሳስ ውስጥ ያለው ራሱ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያመነውን ነው የነገረኝ። እኔም አምኜው ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ያቺ አጭር መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ውሸት የለባትም። ግን የጠየቅኩትን አልመለሰችልኝም።

እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው። ግራፋይት ማለት እንደ ደብተር ገጽ የተነባበረ ካርቦን ነው። ከዚያ ደብተር አንድ ገጽ ብቻ ሲላቀቅ ግራፊን ይባላል። በ2004 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ያንን ገጽ በተራ ስኮች ፕላስተር እየላጡ አወጡት። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። ውፍረቱ የአንድ አቶም ነው፤ 0.34 ናኖሜትር ገደማ። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። ጥንካሬውን፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ብዙ ሰው አውርቶታል፤ እኔ እዚያ አልቆይም።

የምቆየው ሳንባ ላይ ነው።

አቧራ ወደ ውስጥ ስንስብ ትልልቁ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ትንንሹ ወርዶ አየርና ደም የሚገናኙባቸው ስስ ከረጢቶች ድረስ ይገባል። ግራፊን ይህን ልማድ ያፋልሳል። ስፋቱ ትልቅ ሆኖ ሳለ በጣም ስስ ስለሆነ፣ አየር ላይ እንደ ትንሽ ብናኝ ይንሳፈፋል። በ2012 የታተመ የኤዲንብራ ተመራማሪዎች ሥራ እስከ 25 ማይክሮሜትር (አንዱ ማይክሮሜትር 1,000 ናኖሜትር ነው) የሚሰፉ ስስ የግራፊን ቅጠሎች ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ሊደርሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። እዚያ የሚጠብቋቸው ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ሥራቸው ጽዳት ነው፤ ባዕድ ነገር ሲያገኙ ይውጡታል። ግን የማክሮፌጅ ስፋት ራሱ ከ20 ማይክሮሜትር ብዙም አያልፍም። ከራሱ የሚሰፋ ቅጠል ሲገጥመው ለመዋጥ ይታገላል፤ አይችልም፤ መተውም አይሆንለትም። ባዕዱን ለመፍጨት ያዘጋጀው ኬሚካል ወደ ውጭ ይፈስና ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ አካል ያስቆጣል።

ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ የሚለኝ አስቤስቶስ ነው፤ ለጣሪያና ለግንባታ ይውል የነበረው ቃጫማ ማዕድን። እሱም «ድንጋይ እኮ ነው» የተባለለት ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከተሠራበት ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። ረጅም፣ ቀጭንና ሰውነት ሊያሟሟው የማይችል በመሆኑ ነው። በእሱ የሚመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የግራፊን የቅርብ ዘመድ የሆነው የካርቦን ናኖቱቦም፣ ማለትም ያው ገጽ ተጠቅልሎ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ጥያቄ አስነስቷል። በ2008 የታተመ የአይጥ ጥናት ረጃጅሞቹ ናኖቱቦዎች እንደ አስቤስቶስ እንደሚያስቆጡ፣ አጫጭሮቹ ግን እንደማያስቆጡ አሳየ። ሁለቱም ካርቦን ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ቅርጽ ነው።

ታዲያ ግራፊን አስቤስቶስ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ቅጠል እንጂ መርፌ አይደለም። ደግሞም ሰውነት ጨርሶ አቅመ ቢስ አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ማይሎፔሮክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ይህ ኢንዛይም ግራፊን ኦክሳይድን፣ ማለትም ኦክስጅን የተጣበቀበትን ግራፊን፣ ቀስ በቀስ ሊሰባብረው እንደሚችል በላብራቶሪ ታይቷል። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ ሶፍት ትዝ ብሎኛል መሰለኝ።

ግን «ግራፊን» ስንል የቱን ነው? እኔን የሚከነክነኝ ዋናው ነገር ይኸው ነው። አንድ ገጽ ብቻ የሆነ አለ፤ አሥር ገጽ የተደራረበ አለ። ኦክስጅን የተጣበቀበት ግራፊን ኦክሳይድ አለ፤ ያ ኦክስጅን መልሶ የተነሳለት አለ። አንዱ ውሃ ውስጥ በደንብ ይበተናል፣ ሌላው ተጓጉሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ዘርፉን የሚያውቁ ሰዎች ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ስንት ገጽ ነው? ስፋቱ ምን ያህል ነው? ካርቦኑ ከኦክስጅኑ ጋር ያለው ምጣኔስ? በ2018 ደግሞ ከ60 አምራቾች የተሰበሰበ ዱቄት ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ። በአብዛኛው ውስጥ ግራፊን ሊባል የሚችለው ከ10 በመቶ በታች ነበር። ቀሪው በብዛት ተራ ግራፋይት ነው። እንግዲህ «ግራፊን ይጎዳል» ወይም «አይጎዳም» የሚል ጥናት ስናነብ፣ የተመረመረው ምን እንደሆነ ሳናይ እንዴት እንመነው?

ሌላም ወጥመድ አለ። ሴል ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለውን ለማወቅ ከሚሠራባቸው የቀለም ምርመራዎች በጣም የተለመደው ኤምቲቲ ይባላል። በሕይወት ያለ ሴል ቀለሙን ይለውጠዋል። ችግሩ ግራፊን ራሱ ሴል በሌለበት ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል። መርማሪው «ሴሉ ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል፤ የተናገረው ግን ዱቄቱ ነው። በተቃራኒውም ይሆናል። ግራፊን ኦክሳይድ ሲሠራ ሰልፈሪክ አሲድና ፖታስየም ፐርማንጋኔት ይገባበታል። በደንብ ካልታጠበ ማንጋኒዝ ይቀርበታል። ወይም የባክቴሪያ ቅሪት ተጣብቆበት ሴሎቹን ያስቆጣል። ያኔ ጥፋቱ የቆሻሻው ሆኖ ሳለ ስሙ የሚጠፋው ግራፊን ነው።

በ2021 ሚያዝያ ላይ ካናዳ የምትኖር ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የካናዳ የጤና መሥሪያ ቤት ግራፊን ያለባቸውን የፊት ጭምብሎች አትጠቀሙ ብሎ አስታውቆ ነበር። የእንስሳት ጥናቶች የሳንባ ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ስለጠቆሙ ነው። እሷ ደግሞ በሥራ ቦታዋ የተሰጣትን ለወራት አድርጋዋለች። «ምን ሆኜ ይሆን?» አለችኝ። እኔም ጥያቄው ጨርቁ ውስጥ ግራፊን መኖሩ ብቻ እንዳልሆነ ነገርኳት። ከጨርቁ ይረግፋል ወይ? ስንት ይረግፋል? ወደ ውስጥስ ይሳባል? በዚያው ዓመት ሐምሌ መሥሪያ ቤቱ አንዳንዶቹን ሞዴሎች መርምሮ ጉዳት የሚያደርስ መጠን እንደማይረግፍባቸው አረጋገጠና ወደ ገበያ እንዲመለሱ ፈቀደ። እኔ መጀመሪያ ማስቆማቸውንም፣ በኋላ መፍቀዳቸውንም እደግፋለሁ። ሥራው እንደዚህ ነው መሠራት ያለበት። በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን የኮቪድ ክትባት ውስጥ ግራፊን አለ የሚል ወሬ ሲነዛ ነበር። ሐሰት ነው። እንዲህ ያለ ወሬ እውነተኛውን ጥያቄ ስለሚያደበዝዝብን በጣም ያናድደኛል።

ከዚያ 2024 መጣ። የኤዲንብራና የማንቸስተር ተመራማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ በጥንቃቄ የተካሄደ ሙከራ አሳተሙ። 14 ጤነኛ ፈቃደኞች ለዚሁ በተሠራ ክፍል ውስጥ ብስክሌት እየነዱ ለ2 ሰዓት ግራፊን ኦክሳይድ ያለበት አየር ተነፈሱ። መጠኑ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 200 ማይክሮግራም ነው። በሌላ ቀን ደግሞ የተጣራ አየር ብቻ ተነፈሱ። ሳንባቸው፣ የደም ግፊታቸው፣ የሰውነት መቆጣት ምልክቶች ታዩ፤ የጎላ ጉዳት አልተገኘም። በደም መርጋት ላይ ብቻ በጣም ትንሽ ለውጥ የሚጠቁም ነገር ታይቷል። እነዚያን 14 ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ለእኛ ብለው ተንፍሰውታል።

ግን የተጠቀሙበት ዱቄት በጣም ንጹሕና በጥንቃቄ የተለካ ነበር። ቅጠሎቹም ትንንሽ ናቸው። ፈቃደኞቹ ጤነኞች፣ ጊዜውም 2 ሰዓት ነው። እኔ የማስበው ለዓመታት በቀን 8 ሰዓት ጆንያ የሚከፍተውን ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም ቀለም ውስጥ ከገባ በኋላ ግራፊኑ ታስሮ ይቀመጣል፤ ዕቃውን የሚገዛው ሰው የሚተነፍሰው ትንሽ ነው። ዱቄቱን የሚመዝነው፣ የሚያፈሰው፣ ማሽኑን የሚጠርገው ሰው ግን ደረቁን ነው የሚያገኘው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ በ2013 ለካርቦን ናኖቱቦ ያስቀመጠው የምክር ጣሪያ በሜትር ኩብ 1 ማይክሮግራም ነው፤ ያውም የ8 ሰዓት አማካይ። ዕቃው ሌላ ነው፤ ግን ለሠራተኛ ሲታሰብ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚያንስ እዩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የገባች ልጅ አጠገቤ ቆማ ብልቃጥ ይዛ «ይሄ ነገር ይጎዳል እንዴ?» አለችኝ። ያቺ የድሮ መልስ አፌ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። ብልቃጡን ተቀብዬ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አብረን አነበብን። «ግራፊን፣ 5 ግራም» ይላል። ስንት ገጽ እንደሆነ የለም። ስፋቱ የለም። ምጣኔውም የለም። ሳንከፍተው አየር የሚስበው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነውና ለአምራቹ ሦስቱን ቁጥሮች የሚጠይቅ ደብዳቤ አብረን ጻፍን። መልሱ እስኪመጣ ብልቃጡ እንደታሸገ ነው።