ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚነገር የዋጋ ስህተት
(በሰሜን ሸዋ የማረፊያና የጉብኝት አገልግሎት ሰጪዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የተወከላችሁ ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በደህና መጣችሁ። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ ለወጣችሁ ወገኖቻችን የዚህ ከተማ ብርድ እንዳይከብዳችሁ ትኩስ ሻይ ተዘጋጅቷል፤ ሳትሳቀቁ እየተነሣችሁ ጠጡ።

የዓመቱን የሥራ ክንውን ጸሐፊያችን፣ የሂሳቡን ይዞታ ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡላችኋል። እኔ በመክፈቻው አንድ ጉዳይ ብቻ አነሣለሁ፤ እንግዶች አስቀድመው በከፈሉት የመኝታና የጉብኝት ዋጋ ላይ የሚነሣውን ክርክር። ወደ ማኅበራችን ከሚመጡት አቤቱታዎች ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

እንግዳው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሆኖ ክፍል ያስይዛል። ዋጋ ይነገረዋል፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ሙሉውን ይከፍላል። ቀኑ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከዚህም አልፎ ወደ አንኮበር ወይም ወደ መንዝ ይወጣል። በር ላይ ሲደርስ «ዋጋው በስህተት ነው የተነገረዎት፤ ልዩነቱን ይጨምሩ» ይባላል። መሽቷል፤ ልጆቹ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ በአቅራቢያው ሌላ ማደሪያ የለም። ስለዚህ ይከፍላል። ተመልሶ ግን አይመጣም፤ ዘመድ ወዳጁም እንዳይመጣ ይመክራል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ገንዘቡ በገባ ማግስት ደውሎ «ተሳስተናል፣ ትክክለኛው ዋጋ ይህ ነው፤ ከተስማሙ ይምጡ፣ ካልተስማሙ ገንዘብዎን ዛሬውኑ እንመልሳለን» የሚል ሰው በእውነት ተሳስቷል፤ እንግዳውም ይረዳዋል። ለሳምንታት ዝም ብሎ ቆይቶ በር ላይ ስህተት የሚያነሣ ግን የእንግዳውን መውጫ ማጣት ለገበያ እያዋለ ነው። ስህተቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚነገርበት ሰዓት ወደ ማስገደድ ይለውጠዋል።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ስንመረምር ብዙው የእኛው የአሠራር ጉድለት ነው። የዘመን አቆጣጠሩን እዩ። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ለገና በዓል ብሎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን ያስይዛል። መዝጋቢያችን ጥር 7 ብሎ ይጽፋል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጥር 7 የሚውለው ከዚያ ስምንት ቀን ቆይቶ ነው። የበዓሉ ዋጋ ሌላ፣ የአዘቦቱ ዋጋ ሌላ ነውና እንግዳው የአዘቦቱን ከፍሎ በበዓሉ ቀን ይመጣል። ከዚያ ጭቅጭቅ ይነሣል። እንግዳው የሚኖርበትን አገር አቆጣጠር ጻፈ፤ ምን አጠፋ? በሁለት አቆጣጠር መካከል ቆመን የምንሠራ እኛ ነን፤ በደረሰኙ ላይ ሁለቱንም ቀን የመጻፍ ግዴታም የእኛ ነው። የሰዓቱም ነገር ያው ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እደርሳለሁ ያለውን ከቀትር በኋላ መስሏቸው ክፍሉን ለሌላ የሰጡ አሉ።

ግብሩ ሌላው ነው። የክፍሉ ኪራይ 4,000 ብር ነው ይባላል። እንግዳው ሲመጣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ 4,400 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 5,060 ይደርሳል። ይህን ብዙዎቻችሁ የስሌት ስህተት እያላችሁ ታቀርባላችሁ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ያልተነገረው 1,060 ብር ነው ችግሩ። ዋጋ ሲጠየቅ እንግዳው ከኪሱ የሚያወጣውን የመጨረሻ ቁጥር መናገር ምን ይከብዳል?

ከሁሉ ከባዱ ግን የምንዛሪው ጉዳይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተከፈለ ክፍል ከዚያ በኋላ ለማስተናገድ ያቃታችሁ አባላት አላችሁ። የዘይቱን፣ የነዳጁን፣ የዕቃውን ዋጋ አውቃለሁ፤ ጉዳታችሁ እውነተኛ ነበር። ይሁንና ማንም አልተሳሳተም፤ ገበያው ነው የተለወጠው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር አስቀድሞ በውል ሊታሰብ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የጥቅል ጉዞ መመሪያ መሠረት አዘጋጁ በነዳጅ፣ በግብር ወይም በምንዛሪ ምክንያት ዋጋ መጨመር የሚችለው ይህ በውሉ ላይ አስቀድሞ ከተጻፈና ጉዞው ሊጀመር ቢያንስ 20 ቀን ሲቀረው ካስታወቀ ብቻ ነው። ጭማሪው ከ8 በመቶ ካለፈ መንገደኛው ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል። እኛስ እንዲህ ብለን ለመጻፍ ማን ከለከለን?

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1702 ተሳስቻለሁ የሚል ሰው ስህተቱን ከቅን ልቦና ውጪ መጠቀሚያ ሊያደርገው እንደማይችል ይደነግጋል። ሌላው ወገን በታሰበው ትክክለኛ ውል ከተስማማ ደግሞ ተሳስቻለሁ ባዩ በዚያው ይገደዳል። ይህ ማለት እንግዳው ልዩነቱን እከፍላለሁ ካለ ክፍሉ የእርሱ ነው። ለጥምቀት ሰሞን ስህተት ተገኘ ብላችሁ ክፍሉን በጭማሪ ለሌላ የምታከራዩ፣ ይህን አንቀጽ አንብቡልኝ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1703 በስህተት ምክንያት ውሉን የሚያፈርስ ወገን ሌላውን እንዲክስ ያዛል፤ ከዚህ የሚድነው ሌላው ስህተቱን ያወቀ ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረ እንደሆነ ነው።

ቀብድን በተመለከተም ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። «ቀብዱን መለስኩለት፣ ምን ቀረኝ?» የሚል አባል አጋጥሞናል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሲያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ሙሉ ክፍያን አስቀድሞ መቀበልና ቀብድ መቀበል አንድ አይደሉምና የተቀበላችሁት የትኛው እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

እንግዳው ሁልጊዜ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። በሲንጋፖር አንድ የኢንተርኔት መደብር 3,854 የአገሩ ዶላር የሚያወጣ የሌዘር ማተሚያ በ66 ዶላር ለጥፎ ነበር። ስድስት ገዢዎች በአንድ ሌሊት ከ1,600 በላይ አዘዙ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ይግባኝ ሰሚውም በዓመቱ ስህተት መሆኑን እያወቁ ነው ያዘዙት ብለው ከለከሏቸው። እኛም ዘንድ 3,500 ብር የሆነ ክፍል አንድ ዜሮ ጎድሎ 350 ተብሎ ሲያይ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አሥር ክፍል የሚይዝ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ልንሸከም አንገደድም። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 አየር መንገዶች በግልጽ ስህተት የተሸጠ ትኬትን መሰረዝ እንደሚችሉ አስታውቋል፤ ነገር ግን የትኬቱን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲመልሱና መንገደኛው በትኬቱ ተማምኖ ያወጣውን ተገቢ ወጪም እንዲተኩ ጠይቋል። ካቴይ ፓሲፊክ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2019 መባቻ ከቬትናም ወደ ኒውዮርክ የሚወስድ የከፍተኛ ማዕረግ ትኬት ከ700 ዶላር ባነሰ ዋጋ በስህተት ከሸጠ በኋላ ስህተቱን በይፋ አምኖ ገዢዎቹን አሳፍሯል።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ ያዘጋጀው ረቂቅ በእጃችሁ ነው። ዋጋ ሲነገር ግብሩን ጨምሮ የመጨረሻው ቁጥር፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ስህተት ያገኘ አባል ገንዘቡ ከገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል፤ ምርጫውም የእንግዳው ይሆናል። ጊዜው ካለፈ በተነገረው ዋጋ እናስተናግዳለን። ስህተቱ ለማንም ግልጽ ከሆነ ግን እንግዳው ከቤቱ ሳይነሣ ነግረን፣ ያወጣውን ጭምር መልሰን እንሰርዛለን። በር ላይ የሚጠየቅ ልዩነት በማንኛውም ምክንያት አይኖርም። ክርክር ከተነሣ አንድ ሰው በእኛ፣ አንድ ሰው በእንግዳው፣ ሦስተኛው በሁለቱ ተመርጠው በሽምግልና ያዩታል። መንዞች የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀው ያኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የማጨጃው ጊዜ ሳይፈቀድ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣ ነበር። የተስማሙበትን ማክበር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ትንንሽ አባላት «አንድ ስህተት ሊያዘጋን ይችላል» ብላችሁ ያነሣችሁትን ስጋት በቁም ነገር ወስደነዋል። ለዚህ ከአባልነት መዋጮ የሚቀነስ መጠባበቂያ ገንዘብ በረቂቁ ተካቷል፤ መጠኑን እናንተ ትወስናላችሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። በዋጋ ስህተት የመጣ ኪሳራ ከአስጎብኚው፣ ከወጥ ሠሪዋና ከባለ በቅሎው የቀን ክፍያ ላይ መቀነስ የለበትም። ዋጋውን እነርሱ አልተናገሩም፤ ገንዘቡንም እነርሱ አልተቀበሉም።

ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ሁኔታ እንግዳ አሳጥቶናል፤ ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡ ባልደረቦቻችን እዚሁ አዳራሽ አሉ። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት፣ የአንኮበርን ተራራ ለመውጣት ይህን ሁሉ አልፎ የሚመጣ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሰጠን ሳያየን አምኖን ነው።

ረቂቁ ላይ የመጀመሪያው የመወያያ ነጥብ የ48 ሰዓቱ ገደብ ነው። ስልክና ኢንተርኔት በሚቆራረጥባቸው ወረዳዎች ያላችሁ አባላት ጊዜው ያጥረናል ብላችኋልና ቅድሚያ የምንሰጠው ለእናንተ ነው። ዓመታዊ ጉባኤያችን በዚህ ተከፍቷል፤ መድረኩን ለጸሐፊያችን አስረክባለሁ።