«ፍሊከር»፦ መብራቱ ሄድ መጣ ሲል እንግሊዝኛው ምን ይላል?

[ጥቁር ስክሪን። የአምፖል ድምፅ፦ ዝዝዝ። ብልጭ። ድርግም። ብልጭ።]

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። አሜሪካ በገባች በሁለተኛው ወር የኩሽናዋ መብራት አስቸገራት። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። እንዲህ ያለውን መብራት እኛ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። «ሄድ መጣ ይላል» ነው የምንለው። እሷም ለሕንፃው ጥገና ክፍል ደወለችና ይህንኑ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አዞረችው። «ዘ ላይት ኢዝ ጎይንግ ኤንድ ካሚንግ» አለች። ስልኩን ያነሳው ሰው የሰፈሩ መብራት የተቋረጠ መሰለው። «ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ ደውዪ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ «ብሊንኪንግ» የሚል ቃል አገኘች። አሁንስ አገኘሁት ብላ ደወለች። ሰውዬው መጣ። ባትሪ ይዞ! ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ነው ብሎ ነው። ያቺ ትንሽ መብራቱ ብልጭ ብልጭ የምትለዋ።

ያጣችው ቃል «ፍሊከር» ነበር። ዛሬ የምናወራው ስለሱ ነው።

[ስክሪን ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፦ ኤፍ፣ ኤል፣ አይ፣ ሲ፣ ኬ፣ ኢ፣ አር]

መጀመሪያ አነባበቡ። ኤፍና ኤል ተጣብቀው ነው የሚነበቡት። እኛ መሃላቸው ትንሽ ድምፅ ጣል ማድረግ ይቀናናል፤ «ፊሊከር» ይሆንብናል። ደግሞ «ሊ» ብዬ ብጽፈውም ድምፁ አጭር ነው፤ በ«ሊ» እና በ«ል» መሃል ያለ ነገር። መጀመሪያው ላይ ጫን፣ «ከር» ላይ ለቀቅ። ጫናው መጀመሪያ ላይ ስለሆነም «ፍሊከርድ» ወይም «ፍሊከሪንግ» ብላችሁ ስትጽፉ አር አይደገምም። አንድ አር ብቻ።

አሁን ወደ ትርጉሙ።

[ቀረብ ያለ ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ ኩራዝ]

በኩራዝ ያጠና ሰው ይህን ቃል ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ማታ ነው። ጋዙ ሊያልቅ ነው፤ ጠርሙሱ ሥር ትንሽ ቀርቷል። የክሩ ጫፍ ጠቁሯል። ነበልባሉ አንዴ ከፍ ይላል፣ ወዲያው ዝቅ ይላል፣ ሰማያዊ ሆኖ ክሩ ላይ ይለጠፋል። ጠፋ ስትሉ ብቅ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ጥላችሁ አብሮት ይዘላል። አንዱ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ዝጋው!» ይላል። ፍሊከር ማለት ያ ነበልባል የሚያደርገው ነገር ነው። በአማርኛ ጭል ጭል አለ እንላለን።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ያ ሁሉ ሰው «ዝጋው!» ብሎ የጮኸው ለምንድን ነው? ሊጠፋ ይችላል ብሎ ነው። ፍሊከር ውስጥ ስጋት አለ። ብርሃኑ አለ፣ ግን አልጸናም። መቼ ከፍ እንደሚል፣ መቼ ዝቅ እንደሚል አይታወቅም። መዝገበ ቃላት ላይ «ብልጭ ድርግም ማለት» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ስህተት አይደለም። ግን ስጋቱን ካልያዛችሁ ቃሉን ግማሽ ነው የያዛችሁት።

በነገራችን ላይ ነበልባል እንዲህ የሚዘለው ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ነው። ትኩሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል፣ ነበልባሉም በዚህ ጉዞ መሃል ይናጣል። ጠፈር ላይ በመንኮራኩር ውስጥ ሻማ ለኩሰው አይተዋል። እዚያ ትኩስ አየር ወደ ላይ የሚሄድበት ምክንያት የለም። ነበልባሉ ወደ ክብነት ያደላል፣ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ኩራዙም አይዘልም።

[ስክሪን ላይ፦ የመኪና ፍሬቻ፣ የካሜራ ብልጭታ፣ ኮከብ፣ ፍም]

ለፍሊከር ዘመዶች አሉት፤ ሰውን የሚያሳስቱትም እነሱ ናቸው። የመኪና ፍሬቻ ፍሊከር አያደርግም፤ ብሊንክ ነው የሚያደርገው። በሥርዓት ነው፤ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደ ሰዓት። ፍሬቻችሁ ፍሊከር ካደረገ ጋራዥ ውሰዱት። ካሜራና መብረቅ ፍላሽ ያደርጋሉ፤ አንዴ ቦግ ብሎ አለቀ። ኮከብ ደግሞ ትዊንክል ያደርጋል። የኮከብ ብርሃን በሚናወጥ አየር ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ በርግጥ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ማንም «ይሄ ኮከብ ሊጠፋ ነው» ብሎ አይሰጋም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ደስ የሚል ቃል ሰጠው። ምድጃ ውስጥ ያለ ፍም ግሎው ያደርጋል፤ ሳይንቀጠቀጥ ቀላ ብሎ ይቆያል። ምጣድ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ብሎ እዚያው ቢቀር እሱ ዲም ነው። ሐይቅ ላይ የጨረቃ ብርሃን ሲዋልል ደግሞ ሺመር ነው።

ግራ ሲገባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ልጠፋ ነው» እያለ ነው? አዎ ካላችሁ ፍሊከር በሉት። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

አንድ ሌላ ዘመድ አለ፤ «ፍሊክ»። መጨረሻው ላይ «ከር» የለውም። ይሄኛው የጣት ሥራ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ጠቅ ስታደርጉ «ፍሊክ ዘ ስዊች» ይባላል። «ፍሊከር ዘ ስዊች» አይባልም። ፍሊክ የሚያደርገው ሰው ነው፤ ፍሊከር የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ራሱ ብርሃኑ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ቲቸር፣ ፕሌየር፣ ፍሊከር]

እዚህ ጋ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቲቸር የሚያስተምር ነው፣ ፕሌየር የሚጫወት ነው፣ እንግዲያው ፍሊከር «ፍሊክ የሚያደርግ ሰው» ይሆናል ብሎ ማሰብ። አይደለም። እንግሊዝኛ ውስጥ ሌላ «ኧር» አለ፤ ሥራው ድርጊቱን መደጋገም ነው። ፍሊከር፣ ፍላተር (መርገብገብ)፣ ግሊተር (ማብረቅረቅ)፣ ሺመር፣ ቻተር (መለፍለፍ)። ሁሉም ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ቶሎ ቶሎ ይደጋገማል።

እኛስ? እኛ ጅራት አንቀጥልም፤ ቃሉን ራሱን እንደግመዋለን። ብልጭ አለ ካልን አንዴ ነው። ብልጭ ብልጭ አለ ካልን ብዙ ጊዜ ነው። ቦግ አለ፣ ቦግ ቦግ አለ። ግሱ ውስጥም እንገባለን፦ አብረቀረቀ፣ ተንቦገቦገ፣ ተርገበገበ። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ አፋችሁ ራሱ ሲመላለስ ይሰማችኋል። ለዚህ ሥራ አማርኛ ሀብታም ነው። ችግሩም ሀብቱ ነው፤ ለአንዱ ፍሊከር አራት አምስት ቃል አለንና መምረጥ አለብን።

[ምስል፦ ርግብ ስትነሳ፣ በዝግታ]

«ተርገበገበ»ን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከ1000 ዓመት በፊት በነበረው የጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል ስለ ብርሃን አልነበረም። ስለ ወፍ ነበር። «ፍሊኮሪያን» ይሉት ነበር፤ ክንፍን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ማለት ነው። ስለ ብርሃን መነገር የጀመረው 1600 አካባቢ ነው (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አንድ ሰው ሻማውን አይቶ ክንፍ ትዝ አለው ማለት ነው። ዛሬም የዓይን ቆብ ሲርገበገብ እንግሊዝኛው ፍሊከር ይላል።

ወፏም አልቀረችም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስሟ ፍሊከር የሆነ ግንደ ቆርቁር አለች። ግራጫና ቡኒ ነች፤ ደረቷ ላይ ጥቋቁር ነጥብ አላት። ሌሎቹ ዘመዶቿ ግንድ ሲቀጠቅጡ እሷ ብዙ ጊዜ መሬት ወርዳ ጉንዳን ትለቅማለች። የአላባማ ግዛት መለያ ወፍ ናት፣ ከ1927 ጀምሮ። እዚያ የምትኖሩ በግቢያችሁ ካያችኋት ሰላም በሏት።

አሁን መጽሐፍና ዜና ላይ ወደምታገኙት አጠቃቀም እንሂድ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ኤ ፍሊከር ኦፍ ሆፕ]

«ኤ ፍሊከር ኦፍ ሆፕ»። አንዳንዱ «የተስፋ ብርሃን» ብሎ ይተረጉመዋል። ብርሃን በዝቷል! ፍሊከር የሆነ ተስፋ አንድ ትንፋሽ የሚያጠፋው ተስፋ ነው። አማርኛ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቃል አለው፦ የተስፋ ጭላንጭል። ኩራዙ ላይ ያየነው ጭል ጭል ዞሮ እዚህም መጣ።

«ኤ ስማይል ፍሊከርድ አክሮስ ሄር ፌስ»። እዚህ ጭል ጭል አያዋጣም። ፊቷ ላይ ፈገግታ ጭል ጭል አለ ብትሉ ሰው ይስቃል። ፈገግታ ፊቷ ላይ ውልብ አለ ነው የሚባለው። መጣ፣ ሳይታወቅ ሄደ።

«ኤ ፍሊከር ኦፍ ሪኮግኒሽን» የሚባል ደግሞ አለ። ከ20 ዓመት በኋላ ቦሌ ላይ የድሮ የክፍል ጓደኛችሁ ጋ ፊት ለፊት ተገጣጠማችሁ እንበል። ስማችሁ አልመጣለትም። ግን ለአንዲት ሰከንድ ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ውል ሲል ታያላችሁ፤ «አውቅሃለሁ እኮ» የሚል። ያቺ ናት። ቀጥሎ «ይቅርታ፣ ማን ነበርክ?» ካለ ፍሊከሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

የፍርድ ቤት ዜና ላይ ደግሞ «ዊዛውት ኤ ፍሊከር ኦፍ ኢሞሽን» ይላሉ። ፍርዱ ሲነበብ የሰውዬው ፊት ላይ ምንም አልተነበበም ለማለት ነው። «ዓይኑን ሳያሽ» ብላችሁ አትተርጉሙት። ዓይኑን ሳያሽ የሚዋሽ ሰው ደፋር ነው፤ ይሄኛው ግን ስሜቱን የዘጋ ሰው ነው።

[ድምፅ፦ የድሮ ፊልም ማሳያ፣ ትርርርር]

ቃሉ ሲኒማ ቤትም ገብቷል። የድሮ ፊልም በእጅ እየተሽከረከረ ነበር የሚቀረጸው፤ በሰከንድ 16 ሥዕል አካባቢ። በእያንዳንዱ ሥዕል መሃል መጋረጃ መሳይ ነገር ብርሃኑን ይጋርደዋል። ስለዚህ ሸራው ላይ ብርሃኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዉም ፊልሙን «ፍሊከርስ» አለው፤ ቆይቶ አሳጥሮት «ፍሊክስ» ሆነ። በኋላ ድምፅ ሲመጣ ሥዕሉ በሰከንድ 24 ሆነ፤ ማሳያውም እያንዳንዱን ሁለቴ እያበራ 48 ያደርሰዋል። በዚህ ፍጥነት ዓይናችን መቆራረጡን ያን ያህል አያየውም። ያቺ «ፍሊክስ» ዛሬም ስልካችሁ ላይ ናት። በ1997 የተመሠረተው ኔትፍሊክስ የስሙ ሁለተኛ ግማሽ እሷው ናት። በ2004 የተከፈተውም የፎቶ ድረ ገጽ ፍሊከር ይባላል፤ አጻጻፉ ግን ኢ የለውም። ኢ ያለበት አድራሻ ቀድሞ ተይዞ ነበር። ስለዚህ ፈተና ላይ እንደ ድረ ገጹ እንዳትጽፉት።

[ስክሪን ላይ፦ ስልክ ፍሎረሰንት መብራት ሲቀርጽ፣ መስመሮች ሲንሸራሸሩ]

ይሄን ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ ስትቀርጹ ጥቋቁር መስመሮች ስክሪኑ ላይ ይንሸራሸራሉ፤ በዓይናችሁ ስታዩ ግን መብራቱ ደህና ነው። የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ብትገቡ «አንቲ ፍሊከር» የሚል ታገኙ ይሆናል፤ ከጎኑ 50 እና 60። ምንድን ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ አሜሪካ ውስጥ 60 ጊዜ። የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ ይደምቃል። አዲስ አበባ በሰከንድ 100 ጊዜ ፍሊከር ያደርጋል ማለት ነው። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ያየዋል። ለበዓል ከአሜሪካ የመጣ ሰው ካሜራው 60 ላይ እንዳለ ሠርግ ቢቀርጽ ሙሽሮቹ ላይ መስመር ይወጣባቸዋል። 50 ላይ ያድርገው። የኮምፒውተር ስክሪን ካርቶን ላይ «ፍሊከር ፍሪ» ተብሎ ከተጻፈም ነገሩ ይሄው ነው፤ የማይርገበገብ ስክሪን ማለታቸው ነው።

ቤታችሁ ውስጥ በዓይን የሚታይ ፍሊከር ካለ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። አምፖሉ በደንብ አልተጠመዘዘም፣ ወይ ስታርተሩ ደክሟል፣ ወይ የሆነ ቦታ ሽቦ ላልቷል። አንድ አምፖል ብቻ ከሆነ አጥፉትና ሲቀዘቅዝ ጠበቅ አድርጉት። ቤቱ በሙሉ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የላላ ሽቦ ይሞቃል፤ እሳት ያስነሳል።

[ምስል፦ ኩሽና]

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች። «ማይ ኪችን ላይት ኢዝ ፍሊከሪንግ»። ሰውዬው ዛሬ ባትሪ አልያዘም። ወንበር ላይ ወጣ፣ ክዳኑን አወረደ፣ ረጅሙን አምፖል ሩብ ዙር አዞረው። ጠቅ አለ። መብራቱ ጸና።

የጭስ ጠቋሚዋ እስከ ዛሬ ብልጭ ትላለች። እሷ ግን ብሊንክ ነው የምታደርገው። ሥራዋ ነው።

[ድርግም።]