የተረፈችው ባንዲራ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያን የጀመርነውን የቤት ኪራይ ጉዳይ ልጨርስ ነበር። አልሆነልኝም። ከአሜሪካዋ ኦክራኮክ ደሴት ከተመለስን ሳምንት አለፈን፤ ልቤ ግን እዚያው ቀርቷል።

ያቺን ፎቶዋን የላክሁላችሁን መቃብር ታስታውሳላችሁ? ሰሜን ካሮላይና፣ በጀልባ ተሻግረን የሄድንባት። ነጭ አጥር፣ አራት መቃብር። ሁለቱ ስም የላቸውም።

«ቤድፎርድሺር» የምትባል መርከብ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስትሠራ መረብ የምትጎትት የዓሣ መርከብ ነበረች። ጦርነት ሲመጣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ወሰዳት። መድፍ ተተከለባት፤ ውሃ ውስጥ ወርዶ የሚፈነዳ ቦምብም ተጫነባት። እንዲህ ዓይነቶቹ መርከቦች ለኃይለኛ ማዕበል የተሠሩ ናቸው፤ ጠንካሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የአሜሪካን ዳርቻ ሲያምሱት፣ ብሪታንያ 24ቱን ላከች። አስቡት፣ ዓሣ ስትጎትት የኖረች መርከብ ሰርጓጅ አሳዳጅ ስትሆን!

ቶማስ ከኒንግሃም የሚባል መኮንን ነበረባት። ባሕሩ የሌሎች እንግሊዛውያን መርከበኞችን አስከሬን ሲያወጣ፣ አንድ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚሠራ ሰው ለቀብራቸው የብሪታንያ ባንዲራ ፍለጋ ወደሱ መጣ። ባንዲራዎች ሰጠው። አንዷ ተርፋ ቀረች።

ደጋግሜ የማያት ይቺን ናት። እጁን። መሳቢያ ነው የከፈተው? ሣጥን? የታጠፈ ጨርቅ ሲያቀብል ይታየኛል። «እንካ» ብሎ ይሆናል። ዝም ብሎም ይሆናል።

ከዚያ በሜይ ወር ዩ-558 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ «ቤድፎርድሺር»ን በቶርፒዶ መታቻት። የተሳፈረ ሁሉ አለቀ። የከኒንግሃምን አስከሬን ባሕሩ ኦክራኮክ አወጣው። የለየው ያው ባንዲራውን የተቀበለው ሰው ነው። በዚያችው በተረፈችው ሸፍነው ቀበሩት።

እማዬ መገነዣዋን ሣጥኗ ውስጥ አጥፋ ታስቀምጣለች። ልጅ ሆኜ፣ ጎረቤታችን ድንገት ሲያርፉ አውጥታ ሰጠች። ለራሷ ሌላ ገዛች። እሑድ ስደውል ጠየቅኋት፦ «እንዴት አልፈራሽም?» «የሷ ቀን ቀደመ፣ ምኑ ይፈራል?» አለችኝ። ከዚያ ስለ በርበሬው፣ ማን እንደሚያመጣልኝ።

ከኒንግሃምም እንዲህ ይሆን? አይ፣ እሱ ለራሱ ያስቀመጠው አልነበረም። አንድ አይደለም። ወይም... እኔ እንጃ።

ባለፈው እማዬ ጋ ስሄድ ሲኒ ላወጣ ሣጥኗን ከፈትኩ። ነጩ ጨርቅ ከላይ ነበር። ዘጋሁት። ሲኒውንም ሳላወጣ... እሷ ከጓዳ «አገኘሽው?» ትለኛለች፣ እኔ...