ያስታረቃቸው ሕፃኑ አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ ስለ አንድ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ላወራችሁ ነው። «ኮኸኖችና ኬሊዎች» ይባላል። ሃሪ ፖላርድ ያዘጋጀው፣ የአሜሪካው የፊልም ኩባንያ ዩኒቨርሳል እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው ፊልም ነው። ቦታው ኒውዮርክ፣ የድሆች ሰፈር ነው። ኮኸኖች አይሁድ ናቸው፤ አባትየው በልብስ ንግድ ይተዳደራል። ኬሊዎች ከአየርላንድ የመጡ ናቸው፤ አባትየው ፖሊስ ነው። ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ግን እሳትና ጭድ ናቸው። አባቶች ይጣላሉ። እናቶች ይጣላሉ። ትንንሾቹ ወንዶች ልጆች ይጣላሉ። ውሾቻቸው ሳይቀሩ ይጣላሉ።

በዚህ መሀል የኮኸን ሴት ልጅና የኬሊ ወንድ ልጅ ይዋደዳሉ። ተደብቀውም ይጋባሉ።

እስከዚህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየአገሩ የሚተረክ ነው። እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ኮኸን ገንዘብ አጥሮት ሲጨነቅ አንድ ጠበቃ ይመጣል። ከሞተች ዘመድህ ትልቅ ውርስ ደርሶሃል ይለዋል። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ትልቅ ቤት ይገባል። ኬሊዎች እዚያው ይቀራሉ። ልጃቸው ሚስቱን ፍለጋ ሲመጣ ኮኸን ያባርረዋል። ቀጥሎ ሁለቱ አባቶች በስልክ ይሰዳደባሉ። እስቲ አስቡት፤ ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ የስልክ ስድብ! ያ ሁሉ ንዴት በፊትና በእጅ ብቻ መታየት አለበት። የእነዚያ ተዋንያን ችሎታ የሚያስደንቀኝ እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ኮኸን ከንዴቱ ብዛት ይታመማል፤ ለእረፍት ወደ ፍሎሪዳ ይሄዳል። ሲመለስ ልጁ ወልዳ ትጠብቀዋለች።

እንዲህ ያለ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ይወለዳል፣ የአያቶች ልብ ይራራል፣ እልል ይባላል። እዚህ ግን ጭራሽ ባሰ። ኮኸን ልጁን ካዳት። ኬሊ ምራቱንና የልጅ ልጁን ይዞ ወደዚያች ድሃ ቤቱ ገባ።

ያ ጠበቃ ለካ ልጅቷን ሊያገባ አስቦ ኖሯል። ሐሳቡ ሲከሽፍበት ለኮኸን ሌላ ጉድ ያወጣል። ሟቿ የኬሊም ዘመድ ነበረች፤ ውርሱ በእርግጥ የኬሊ ነው ይለዋል። ካካፈልከኝ ግን ዝም እላለሁ ይላል። ኮኸን እምቢ አለ። ጠበቃውን አፉን እንዳስያዘ ትቶት ወጣ። በዝናብ፣ በእግሩ፣ ወደ ጠላቱ ቤት ሄደ። እውነቱን ተናግሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ሊመለስ ሲል ኬሊ አስቀረው። እኩል እንካፈላለን አለው።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን ልላችሁ ነው፤ አባቶቹን ያስታረቀው የልጆቹ ፍቅር አይደለም፤ ሕፃኑም አይደለም። አንድ ሰው ሀብቱን ሁሉ የሚያሳጣውን እውነት፣ ሄዶ ለሚጠላው ሰው ነገረው። ልጆቻችን ተዋደው አገር ያስታርቁልናል ብለን የምንጠብቅ ወላጆች ብዙ ነን። ይህ ፊልም ግን ሥራውን ለአባትየው ይሰጠዋል። እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

ጉድለት የለበትም አልልም። አይሁዳዊውን በገንዘብ፣ አየርላንዳዊውን በቁጣ መሳቂያ የሚያደርግ ቀልድ በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የተለመደ ነበር፤ ፊልሙም ይጠቀምበታል። እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ያቆስላል። ስለቆየ ብቻ ይቅር አይባልም።

ግን ደግሞ እነማን እንደሠሩት እዩ። የዩኒቨርሳል መሥራች ካርል ሌምሊ ራሱ በ1884 ገና በ17 ዓመቱ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። በኋላ በሂትለር ዘመን ለብዙ መቶ አይሁድ የዋስትና ወረቀት እየፈረመ ከሞት እንዲያመልጡ ረድቷል። የኮኸንን ሚስት የተጫወተችው ቬራ ጎርደን ከሩሲያ ግዛት የመጣች ናት። የኬሊን ሚስት የሆነችው ኬት ፕራይስ የአየርላንድ ኮርክ ልጅ ናት። ስደትን ኖረውበታል። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ አሜሪካ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የሚመጣውን ሰው በኮታ ካጠበበች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ፊልሙ ስላስነሳው ክስም ላንሳ። አን ኒኮልስ የምትባል ጸሐፊ ተውኔት በ1922 በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ፣ ተመሳሳይ ታሪክ አቅርባ ነበር። የአይሁድ ልጅ አየርላንዳዊት ያገባል፤ አባቶች ይጣላሉ፤ በመጨረሻ ይታረቃሉ። ከ2,300 ጊዜ በላይ ታየ። ፊልሙ ሲወጣ ታሪኬን ሰረቃችሁኝ ብላ ዩኒቨርሳልን ከሰሰች። በ1930 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደባት። ዳኛው ለርንድ ሃንድ ሁለቱንም ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ተርኮ አነጻጸረ። የሁለት ቤተሰብ ጠብ፣ የልጆች ጋብቻና የአባቶች እርቅ የማንም የግል ንብረት ሊሆን አይችልም አለ። ዛሬም የቅጂ መብት የሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ያነቡታል።

እኔ ከዚያ ውሳኔ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። ዳኛው እንዳስተዋለው፣ በተውኔቱ ውስጥ አባቶቹን የሚያጣላው ሃይማኖት ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ሃይማኖት ቦታ የለውም። እነዚህ ሰዎች የተጣሉት በጉርብትና፣ በጥበት፣ በኩራት ነው። ለዚህም ይመስለኛል መፍትሔው የገንዘብና የሐቅ ጉዳይ የሆነው።

እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ከአገር ርቀን ልጅ ያሳደግን ነን። ልጆቻችን ማንን ይዘው እንደሚመጡ አናውቅም። ስለዚህ ውይይቱን በኬሊ እንጀምር። ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ሁሉንም መውሰድ ይችላል። ልጁን ያባረረ፣ የልጅ ልጁን እንዳያይ የከለከለው ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ግማሹን ለምን ሰጠው? እናንተስ ትሰጡ ነበር?

ማይክሮፎኑን ከፊት ለተቀመጡት እናቶች ስጡልኝ።